በጠበቃ ቢሮዎች የወረቀት መዛግብትን ስካን በማድረግ መቀነስ፦ ለባለጉዳዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

አንድ ባለጉዳይ ወደ ጠበቃ ቢሮ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው አንድ ካኪ ፖስታ ወይም ፌስታል ነው። በውስጡ የቤት ይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ የባንክ ደረሰኞች፣ የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሟች ወላጅ ሣጥን የወጣና እጥፋቱ ሊቀደድ የደረሰ የእጅ ጽሑፍ ይገኛል። ፖስታው በጠበቃው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ የእነዚህ ወረቀቶች ደኅንነት በቢሮው የመዝገብ አያያዝ ላይ የሚመሠረት ይሆናል። ጉዳዩ በሁለት ወር ሊያልቅ ይችላል፤ በይግባኝና በሰበር ሲመላለስ ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ዛሬ የወረቀት ክምችታቸውን ለመቀነስ ሰነዶችን ስካን አድርገው በኮምፒውተር የሚያስቀምጡ የጥብቅና ቢሮዎች አሉ። አሠራሩ በአግባቡ ከተከናወነ ለጠበቃውም ሆነ ለባለጉዳዩ ጠቃሚ ነው። በግዴለሽነት ከተከናወነ ግን የማይተካ ዋና ሰነድ ከትርፍ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ማብራሪያ ባለጉዳዮች ሰነዶቻቸው በምን መንገድ እንደሚያዙ፣ የትኞቹ በወረቀትነታቸው መቆየት እንዳለባቸውና ከጠበቃቸው ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነው።

የወረቀቱ ብዛትና የቢሮው ሁኔታ

የአንድ ኤ4 ወረቀት ክብደት በተለመደው ባለ 80 ግራም ወረቀት 5 ግራም ነው። አንድ ቢሮ 200 የደንበኛ ዶሴዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ዶሴ 150 ቅጠል ቢይዝ የወረቀቱ ድምር 30,000 ቅጠል፣ ክብደቱም 150 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ደስታ ወይም 500 ቅጠል ወረቀት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ ክላሰሩና የካርቶን ሽፋኑ ሳይቆጠር፣ ይህ ክምችት 3 ሜትር ርዝመት ያለው መደርደሪያ ይሞላል። ቁጥሩ ሲታይ ያን ያህል ላያስደነግጥ ይችላል። ችግሩ ዶሴዎቹ በየዓመቱ የሚጨምሩ መሆናቸው፣ ቢሮዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በኪራይ ክፍል የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ኪራይ ሲወደድ ወይም ሕንፃው ሲፈርስ ዶሴዎቹ በካርቶን ታስረው በጭነት መኪና ይጓዛሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ወረቀት የሚጠፋው በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። የክረምት እርጥበት፣ ከጣሪያ የሚወርድ ፍሳሽና አይጥም የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ።

ከዚህ በተጨማሪ የጥብቅና ሥራ አደረጃጀት ራሱ ተለውጧል። የፌደራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ ሽርክና የጥብቅና ድርጅት አቋቁመው መሥራት የሚችሉበትን ሥርዓት ዘርግቷል። በድርጅት ውስጥ አንድን ጉዳይ ከአንድ በላይ ጠበቃ፣ ረዳትና ጸሐፊ ሊከታተለው ይችላል። የወረቀት ዶሴ ግን በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ አንዱ ጠበቃ ለችሎት ይዞት ከወጣ ሌላው ለባለጉዳዩ መልስ ለመስጠት እስኪመለስ መጠበቅ ይኖርበታል። የፌደራል ፍርድ ቤቶች አቤቱታን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የመቀበል አሠራር መጀመራቸውም ሰነድን አስቀድሞ በኤሌክትሮኒክ ቅጂ አዘጋጅቶ መያዝን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

ስካን የተደረገ ሰነድ ምንነት

ስካን ማድረግ የወረቀትን ገጽ በብርሃን አንብቦ ወደ ኤሌክትሮኒክ ምስል መለወጥ ነው። ለሕግ ሰነድ በአብዛኛው የሚመከረው ጥራት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። በዚህ ጥራት አንድ የኤ4 ገጽ 2,480 በ3,508 ነጥቦች፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይኖሩታል። ሳይጨመቅ በቀለም ቢቀመጥ 26 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ በጥቁርና ነጭ ብቻ ቢሆን ደግሞ ወደ 1 ሜጋ ባይት ይወርዳል። ቢሮዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ሁሉንም በጥቁርና ነጭ ስካን የማድረግ ፍላጎት የሚያድርባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በተራ የጽሑፍ ገጽ ላይ ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት ገጽ ግን በጥቁርና ነጭ ሲነሣ ማኅተሙ ከፊርማው ጋር ተደባልቆ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል፤ ደብዘዝ ያለ ማኅተም ከሆነም ጨርሶ ይጠፋል። ማኅተም፣ የጣት አሻራ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ እርማት ወይም ባለቀለም የካርታ መስመር ያለበት ገጽ በቀለም መነሣት ይኖርበታል። የገጹ ጀርባም መዘንጋት የለበትም፤ በውል ጀርባ ላይ የተጻፈ የክፍያ ማስታወሻ ወይም በውክልና ጀርባ ላይ ያረፈ የማረጋገጫ ማኅተም አንዳንድ ጊዜ ከፊተኛው ገጽ ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ምስሉ ከተነሣ በኋላ የሚቀመጥበት ቅርጽም ታስቦበት ሊመረጥ ይገባል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ፒዲኤፍ ኤ የተባለው ደረጃ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጡ ሰነዶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሰነዱ ለመከፈት የሚያስፈልገውን ሁሉ በውስጡ እንዲይዝ ያስገድዳል። ዛሬ የተቀመጠ ፋይል ከ15 ዓመት በኋላ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈት ይኖርበታልና ይህ ተራ የቴክኒክ ምርጫ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ስካን የተደረገ ፊርማ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የኤሌክትሮኒክ የምስክር ወረቀትን መሠረት አድርጎ ስለሚሰጥ ዲጂታል ፊርማ ዝርዝር ሥርዓት ዘርግቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መልእክቶችን ሕጋዊ ተቀባይነት ይመለከታል። በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተፈረመ ውል ተነሥቶ በኮምፒውተር ሲቀመጥ የተገኘው የፊርማ ምስል ነው። የምስሉ መኖር ብቻ በአዋጁ መሠረት በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ዲጂታል ፊርማ አያደርገውም።

በወረቀትነታቸው መቆየት ያለባቸው ሰነዶች

ባለጉዳዮች ከሁሉም በላይ ሊያተኩሩበት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ለፍርድ ቤት ከሚቀርብ ክስ ወይም መልስ ጋር የሰነድ ቅጂ ማያያዝ የተለመደ ቢሆንም፣ ተከራካሪው ወገን ሰነዱን ሲክድ ወይም ፍርድ ቤቱ ማገናዘብ ሲፈልግ ዋናው እንዲቀርብ ይታዘዛል። በዚያን ቀን ዋናው ከሌለ በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ምስል የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ክርክሩ ይከብዳል።

ፊርማው የሚካድበት ውል ግልጽ ምሳሌ ነው። የጽሕፈትና የፊርማ ምርመራ የሚያደርግ የፎረንሲክ ባለሙያ የቀለሙን ዓይነት፣ የእስክሪብቶውን ግፊትና መስመሩ የተሳለበትን አኳኋን የሚመለከተው በዋናው ወረቀት ላይ ነው። ምስል ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛውን አያሳይም። ዋናው ውል ስካን ከተደረገ በኋላ በቢሮው የተወገደበት ባለጉዳይ «ፊርማው የእኔ አይደለም» ለሚል ተከራካሪ መልስ የሚሰጥበትን ዋነኛ መሣሪያ አጥቷል ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ በተለያዩ ድንጋጌዎች ይነካል። በሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ መደረግና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት መመዝገብ ይኖርባቸዋል። በቁጥር 2003 መሠረት ደግሞ ሕጉ በጽሑፍ እንዲደረግ ያዘዘውን ውል በምስክር ማስረዳት የሚቻለው ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ሲረጋገጥ ነው። በሌላ አነጋገር ዋናው ሲታጣ ባለጉዳዩ ሁለት ሸክም ይወድቅበታል፦ በመጀመሪያ ሰነዱ መጥፋቱን፣ ቀጥሎም በውስጡ የነበረውን ማስረዳት። ከክርክሩ በፊት ሌላ ክርክር ተጨመረ ማለት ነው።

የኑዛዜ ጉዳይ ከዚህም የጠበቀ ነው። በሕጉ መሠረት በጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ መኖሩና ይዘቱ የሚረጋገጠው ኑዛዜውን ራሱን በማቅረብ ወይም ኑዛዜውን በአደራ የተቀበለው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ትክክለኛነቱን ያረጋገጠውን ግልባጭ በማቅረብ ነው። በጠበቃ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገኝ ምስል ከሁለቱም አይደለም። በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ሲሆን ደግሞ የእጅ ጽሑፉ ራሱ የኑዛዜው መለያ ስለሆነ ወረቀቱ በምንም ምክንያት ሊወገድ አይገባም። ኑዛዜን ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ ማስቀመጥ የሚቻል በመሆኑ፣ ለዓመታት በጠበቃ መደርደሪያ ላይ ከሚቆይ ይልቅ ይህን አማራጭ መጠቀም የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

ቼክና የተስፋ ሰነድም በዚሁ መደብ ይካተታሉ፤ በእነዚህ የንግድ ወረቀቶች ላይ ያለው መብት ከወረቀቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የቼክ ፎቶ ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃና የተሽከርካሪ ባለቤትነት ደብተር ምትክ ሊሰጥባቸው የሚችሉ ቢሆኑም፣ ምትክ ለማውጣት የሚያስከትሉት ምልልስና ወጪ የሚታወቅ ነው።

በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የተረጋገጡና የተመዘገቡ ሰነዶች ጥቂት የተለየ ሁኔታ አላቸው። ሰነዱን ያረጋገጠው ተቋም ቀሪ ቅጂ ስለሚይዝ ዋናው ቢጠፋ የተረጋገጠ ግልባጭ ለማግኘት መንገድ አለ። ይህ ግን ሰነዱ የተመዘገበበት ቁጥርና ቀን ሲታወቅ የሚቀል ነውና ቁጥሩና ቀኑ በምስሉ ላይ በግልጽ የሚነበቡ መሆናቸውን ማረጋገጥ ብልህነት ነው።

በተቃራኒው ቶሎ ስካን ካልተደረጉ የሚበላሹ ሰነዶች አሉ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና የኤቲኤም ደረሰኞች የሚታተሙት በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ላይ በመሆኑ በፀሐይ፣ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ጽሑፋቸው ይደበዝዛል። የፋክስ ወረቀቶችም እንዲሁ ነበሩ። እንዲህ ያለ ደረሰኝ በእጁ የገባ ሰው ወደ ጠበቃ እስኪሄድ ሳይጠብቅ በዚያው ሰሞን ሊያስነሣው ይገባል። ወረቀቱ ቢነጣም እንኳ ከምስሉ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ መጣል አያስፈልግም።

በምስል ላይ የሚፈጠር ስሕተት

ስካነር የሚያየውን እንዳለ ይገለብጣል የሚል እምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ይህ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ አሳይቷል። የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ ኩባንያ የስካንና የኮፒ መሣሪያ ሲነሣ የተለያየ ስፋት ያላቸው ሦስት ክፍሎች በምስሉ ላይ ሁሉም 14.13 ካሬ ሜትር ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ጄቢግ ቱ የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ ነበር። ዘዴው ፋይሉን ለማሳነስ ተመሳሳይ የመሰሉትን ቅርጾች አንድ አድርጎ ስለሚወስድ 6 ቁጥር በ8 ሊተካ ይችላል። ኩባንያው በኋላ የሶፍትዌር ማስተካከያ አውጥቷል። ከዚህ ስሕተት አስቸጋሪው ነገር ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ አለመታየቱ ነው፤ የተሳሳተው አኃዝ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ስለዚህ የብር መጠን፣ የካሬ ሜትር ስፋት፣ የካርታ ቁጥርና የሻሲ ቁጥር ያለባቸው ገጾች ከተነሡ በኋላ አንድ ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ ማረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው ወረቀቱ ወደ ሣጥን ወይም ወደ ማስወገጃ ከመሄዱ በፊት መከናወን አለበት። አንድ ስካነር በደቂቃ 30 ገጽ ቢያነሣ 30,000 ገጽ የሚፈጀው የመሣሪያ ጊዜ 17 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እውነተኛው ሥራ ስፒልና ስቴፕል መንቀል፣ የተጣጠፈውን ማቃናት፣ የተቀደደውን ማስተካከል፣ ገጾችን መቁጠርና ምስሉን ማየት ነው። ይህን ሥራ ችሎት በሚበዛበት ወቅት በጥድፊያ ከማከናወን በክረምቱ የፍርድ ቤቶች የዕረፍት ጊዜ ማቀድ የበለጠ ያዋጣል።

ሰነዱን መልሶ ማግኘት

በኮምፒውተር የተቀመጠ ሰነድ ካልተገኘ ከጠፋ አይለይም። በአማርኛ ሰነዶች ላይ ደግሞ ፍለጋውን የሚያከብዱ የራሳቸው ምክንያቶች አሉ። አንድ ስም በአንዱ ሰነድ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ»፣ በሦስተኛው «ሐይሉ» ተብሎ ይጻፋል። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሥዩም» እና «ስዩም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። መዝጋቢው ባለጉዳዩን በ«ሥ» ካስገባው በ«ስ» የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ጥሩ አሠራር ያለው ቢሮ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በማውጫው ውስጥ ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ ያመጣቸዋል፤ በሰነዱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም የስም አጻጻፍ ልዩነት ራሱ አንዳንድ ጊዜ በፍርድ ቤት የሚያከራክር ጉዳይ ነው።

የስም ሥርዓቱም የቤተሰብ ስም ላይ የተመሠረተ ባለመሆኑ ከውጭ የመጡ የመዝገብ ሶፍትዌሮች «የመጨረሻ ስም» ብለው የሚጠይቁት ቦታ በአያት ስም ይሞላና ዶሴዎቹ በባለጉዳዩ አያት ስም ተደርድረው ይገኛሉ። ማውጫው በራስ ስም ጀምሮ በአባትና በአያት ስም ቢከተል፣ ከዚያም በፍርድ ቤቱ የመዝገብ ቁጥር ቢደገፍ የስም መመሳሰል የሚያመጣው ስሕተት ይቀንሳል። የዘመን አቆጣጠሩ ሌላው መሰናክል ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ፣ «2008» ተብሎ ብቻ የተሰየመ ፋይል የትኛውን ዓመት እንደሚያመለክት ከጊዜ በኋላ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። የባንክ ሰነድ በአንዱ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በሌላው በሚጻፍበት ዶሴ ውስጥ ይህ ስሕተት ከቀን መሳከር አልፎ የይርጋ ስሌትን ሊያዛባ ይችላል።

ፊደልን ከምስል ለይተው የሚያነቡ ሶፍትዌሮች አማርኛን ማንበብ ይችላሉ፤ ቴሰራክት የተባለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አንዱ ነው። በኮምፒውተር የተጻፈና በንጹሕ የታተመ ገጽ ላይ ውጤታቸው ጥሩ ነው። በድሮ የጽሕፈት መኪና የተመታ፣ በካርቦን የተገለበጠ ወይም በእጅ የተጻፈ ገጽ ላይ ግን ሊታመኑ አይችሉም። ሶፍትዌሩ አንብቦ ያወጣው ጽሑፍ ለፍለጋ እንጂ ለማስረጃ መዋል የለበትም።

ምስጢርና ጥበቃ

ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው በሙያው የሥነ ምግባር ደንብ የተደነገገ ሲሆን፣ የሙያ ምስጢርን ማውጣት በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። የሰነዱ ቅርጽ ከወረቀት ወደ ምስል ስለተለወጠ ግዴታው አይላላም። እንዲያውም አንድ ዶሴ ከቢሮ ሰርቆ ለመውጣት ድፍረት ሲጠይቅ፣ ሺህ ዶሴ በአንድ ፍላሽ መውሰድ ግን ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ በመሆኑ ጥበቃው መጠናከር ይኖርበታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የግለሰቦችን መረጃ የሚሰበስብና የሚያስቀምጥ ሁሉ ለሕጋዊ ዓላማ ብቻ የመጠቀምና ተገቢውን ጥበቃ የማድረግ ኃላፊነት ተጥሎበታል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የግል ዳታን ወደ ሌላ አገር ማስተላለፍን በቅድመ ሁኔታዎች የገደበ በመሆኑ፣ ሰነዶቹን በውጭ አገር በሚገኝ የኢንተርኔት ማከማቻ የሚያስቀምጥ ቢሮ ይህን አስቀድሞ ማጤን አለበት።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። የመጀመሪያው የሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በዚያ ስካን የተደረገ የኑዛዜ ወይም የፍቺ ስምምነት ምስል ባለጉዳዩ ከሄደ በኋላ በኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ ተገልጋዩ ከመውጣቱ በፊት እንዲጠፋ መጠየቅና ሲጠፋም ማየት ይችላል። ሁለተኛው በቢሮዎች የሚገኙት ትልልቅ የኮፒ መሣሪያዎች ናቸው። ብዙዎቹ በውስጣቸው ማከማቻ ዲስክ ስላላቸው መሣሪያው ሲሸጥ ወይም ለጥገና ሲወጣ የተነሡት ሰነዶች አብረው ሊወጡ ይችላሉ።

ምስሎቹ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተቀመጡ መብራት ሲቋረጥና ሲመጣ የሚደርስ ብልሽት፣ ቫይረስ ወይም ስርቆት በአንድ ቀን የቢሮውን ማኅደር በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። በሙያው ዘንድ የሚመከረው ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ መያዝ፣ ከእነዚህም አንዱን ከቢሮው ውጭ ማኖር ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ባለጉዳዮች

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከአዲስ አበባ ጠበቃ ጋር የሚሠሩት በአብዛኛው በምስል ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ የተላከ ሰነድ ጥራቱ ስለሚቀንስ በፋይል መልክ መላክ ይኖርበታል። የውክልና ሥልጣን ግን ምስሉ ተልኮ የሚያልቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠው ዋናው ውክልና ወደ አገር ውስጥ ተልኮ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቋም መቅረብ ይኖርበታል። ምስሉ የሚጠቅመው ጠበቃው የውክልናውን ቃል አስቀድሞ አይቶ ጉድለት ካለ ዋናው ከመላኩ በፊት እንዲታረም ለማድረግ ነው። «የመሸጥና የመለወጥ» የሚል ቃል በመዘለሉ ብቻ ዋናው ውክልና ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመለስበት አጋጣሚ የማይታወቅ አይደለም።

ወረቀቱ የሚወገድበት ጊዜ

ቢሮው ስካን ካደረገ በኋላ ሊያስወግዳቸው የሚችላቸው የራሱ ረቂቆች፣ ትርፍ ኮፒዎችና ዋናቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ የሚገኙ የአቤቱታ ቅጂዎች ናቸው። የባለጉዳዩ ዋና ሰነድ የቢሮው ንብረት ባለመሆኑ ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ አይወገድም። ጊዜውን ለመወሰንም «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚለው ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ውል እንዲፈጸም ወይም እንዲፈርስ የሚቀርብ ክስ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረትም ፍርድ እንዲፈጸም የሚቀርብ ጥያቄ የ10 ዓመት ገደብ አለው። ፍርድ ያሸነፈ ነገር ግን ባለዕዳው ንብረት ስለሌለው ያላስፈጸመ ሰው በዘጠነኛው ዓመት ወደ ጠበቃው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የሚወገደው ወረቀት መቆራረጫ መሣሪያ ውስጥ ማለፍ አለበት። በኪሎ ተሽጦ ሱቅ የገባ የዶሴ ወረቀት በርበሬ ወይም ስኳር ተጠቅልሎበት የባለጉዳዩ ጎረቤት ቤት ሊደርስ ይችላል። የባለጉዳይ ስም፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የፍቺ ክስ ያለበት ገጽ እንዲህ መውጣቱ ከምስጢር ጥሰት የሚቆጠር ነው።

ባለጉዳዩ ከጠበቃው ሊጠይቅ የሚገባው

ሰነድ በሚረከቡበት ዕለት የእያንዳንዱ ሰነድ ስም፣ የገጹ ብዛት፣ ዋና ወይም ኮፒ መሆኑ ተለይቶ የተጻፈበትና በሁለቱም ወገን የተፈረመ የርክክብ ወረቀት ማዘጋጀት ተገቢ ነው። «አንድ ፖስታ ሰነድ ተረክቤያለሁ» የሚል ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም። ብዙ ባለጉዳዮች በተለይም አረጋውያን ጠበቃውን መጠራጠር ስለሚመስላቸው ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ርክክቡ ግን ጠበቃውንም ከኋላ ቀን ወቀሳ የሚጠብቅ ነው። የሚቻል ከሆነ ዋናው ወዲያውኑ ስካን ተደርጎ ከዋናው ጋር ከተገናዘበ በኋላ ለባለቤቱ ቢመለስና ለችሎት ሲፈለግ ቢቀርብ ይመረጣል። ይህ የሚያዋጣው ባለጉዳዩ ቀጠሮውን አክብሮ ሰነዱን ይዞ መምጣት የሚችል ከሆነ ነው፤ ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ የሚመላለስ ሰው በቢሮው ካዝና እንዲቀመጥለት ቢስማማ ይሻለዋል።

የጥብቅና አገልግሎት ውሉ በጽሑፍ ሲደረግ ሰነዶቹ በምን መልክ እንደሚቀመጡ፣ ማን ሊያያቸው እንደሚችል፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ ዋናዎቹ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለሱና የምስሎቹ ቅጂ ለባለጉዳዩ እንደሚሰጥ ማካተት ይቻላል። ጠበቃው ቢታመም፣ ቢሞት፣ ፈቃዱ ቢታገድ ወይም ድርጅቱ ቢፈርስ ዶሴውን ማን እንደሚረከብ መጻፉም አይከፋም። በአንድ ጠበቃ ብቻ በሚሠራ ቢሮ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሌላ ሰው ከሌለ ምስሎቹ ከባለቤታቸው ጋር ይቀበራሉና።

የፌደራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ሲሆን፣ በክልል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ ጠበቆችን የሚመለከተው የየክልሉ የፍትሕ አካል ነው። ሰነዱን መልሶ ማግኘት ያልቻለ ባለጉዳይ አቤቱታውን ፈቃዱን ለሰጠው አካል በጽሑፍ ሲያቀርብ የርክክብ ወረቀቱን፣ የአገልግሎት ውሉንና ሰነዱን የጠየቀበትን ደብዳቤ ወይም መልእክት ማያያዝ ይኖርበታል። በቃል ብቻ የተጠየቀ ከሆነ አስቀድሞ ቀን የተጻፈበት የጽሑፍ ጥያቄ ለቢሮው ሰጥቶ በቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማ ቢያስፈርም አቤቱታው በቶሎ ለመታየት ያመቸዋል።